ወንበሩ የሚጠፋው ኒው ዮርክ ከመድረሱ በፊት ነው

(ታኅሣሥ 1 የሰብዓዊ መብቶች ቀንን ምክንያት በማድረግ ለሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የሲቪክ ማኅበራት ተወካዮችና ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪዎቹ የሰጡኝ ርዕስ «አፍሪካ በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ኮሚቴዎች ሊኖራት የሚገባ ፍትሐዊ ውክልና» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ የተሰጠው ሰው ምን እንደሚጠበቅበት አውቃለሁ። የ1928ቱን የአፄ ኃይለ ሥላሴ የጄኔቫ ንግግር ያነሳል፣ ምዕራባውያንን ይወቅሳል፣ ተጨብጭቦለት ይቀመጣል። የጄኔቫውን ንግግር ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁና አልፈዋለሁ። ምዕራባውያንን የሚገባቸውን ያህል እወቅሳለሁ። የቀረውን ጊዜ ግን ለገዛ ቤታችን አውለዋለሁ።

ይህን ቀን የሰጠን የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በ1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ሲጸድቅ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች 58 ነበሩ። 48ቱ ደገፉ፣ 8ቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ ሁለቱ አልተገኙም። ከአፍሪካ የነበሩት ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ አፓርታይድን ማወጅ የጀመረችው ደቡብ አፍሪካም ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አንዷ ነበረች። ረቂቁን ባሰናዳው ኮሚሽን ከተቀመጡት 18 አገሮች ከአህጉራችን የነበረችው ግብፅ ብቻ ናት። የቀረው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር ማንም ሐሳቡን አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ኮሚቴዎቹ ልምጣ። ብዙ ጊዜ ከሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ጋር ይምታታሉ። ምክር ቤቱ የመንግሥታት ነው፤ 47 ወንበሮች አሉት፣ 13ቱ ለአፍሪካ የተመደቡ ናቸው፣ ክርክር የለበትም። ኮሚቴዎቹ ግን ስምምነቶቹ መከበራቸውን የሚከታተሉ የባለሙያ አካላት ናቸው፤ ዛሬ 10 ደርሰዋል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶቹ 18 አባላት አሉት፣ የሴቶቹ 23፣ የፀረ ማሰቃየቱ 10 ብቻ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው የሚመረጠው በመንግሥታት ድምፅ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በግሉና በህሊናው ነው፤ የአገሩ አምባሳደር አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 31 ከአንድ አገር ከአንድ ሰው በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ቀጥሎም በምርጫው ፍትሐዊ የመልክዓ ምድር ሥርጭት፣ የተለያዩ ሥልጣኔዎችና ዋና ዋና የሕግ ሥርዓቶች ግምት ውስጥ እንዲገቡ ያዛል። ቁጥር ግን የለውም። ቁጥር የሌለው ትእዛዝ ምን እንደሚሆን እዚህ ላለነው የሕግ ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ጠቅላላ ጉባኤው ሥርጭቱ ይስተካከል የሚል ውሳኔ ደጋግሞ ሲያሳልፍ የምዕራብ አገሮች ደጋግመው ተቃውመዋል። ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ መስፈርቱ ችሎታ መሆን አለበት የሚል ነው። ችሎታ! ከሴኔጋል፣ ከኬንያ፣ ከሞሪሸስ የሚመጣ የሕግ ሊቅ ወንበር ሲመደብለት ችሎታው ይቀንሳል ማለት ነው? በኮታ የሚያምኑ አገሮች ኮታው ወደ ሌላው ሲዞር ብቻ ችሎታን ያስታውሳሉ።

ደግሞም በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚቻል ታይቷል። የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲቋቋም ከ18ቱ ወንበሮች 15ቱ ለአምስቱ የዓለም ክፍሎች እኩል ሦስት ሦስት ሆነው ተደልድለዋል፤ የቀሩት ሦስቱ የፈራሚ አገሮች ቁጥር ለጨመረበት የዓለም ክፍል ይሄዳሉ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዳኞችን ሲመርጥም መራጩ አገር ከየዓለም ክፍሉ ለተወሰኑ ዕጩዎች ድምፅ እንዲሰጥ ግዴታ አለበት፤ ይህን ካላሟላ ወረቀቱ ይጣላል። ሰማይ አልተደፋም፤ ችሎታም ከምድር አልጠፋም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ውክልና ለምን እንፈልጋለን? ብዙ ባለሥልጣኖቻችን «ባህላችንን የሚያውቅና የሚከላከልልን ሰው እንዲኖር» ይላሉ። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው።

አንድ ጊዜ ጄኔቫ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የዊልሰን ቤተ መንግሥት የሕጻናት መብቶች ኮሚቴ የአንዲት አፍሪካዊት አገርን ሪፖርት ሲመረምር ከኋላ ተቀምጬ እከታተል ነበር። የአገሪቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ባልጠራውም ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የልዑካኑ መሪ ስለ ልደት ምዝገባ አብራሩ፤ አዋጁ ወጥቷል፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ተከፍተዋል፣ ምዝገባው በነጻ ነው። አንድ አውሮፓዊ አባል ሕጉን አንብበው ነበርና ስለ አንቀጾቹ ሁለት ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፣ ምላሽ አገኙ፣ አመሰገኑ። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ርዕስ ሊያልፉ ሲሉ ከአፍሪካ የተመረጡ አንዲት አባል እጃቸውን አነሱ። «ምዝገባው ነጻ ነው ብለዋል። ፎቶግራፉስ? ጽሕፈት ቤቱ በገበያ ቀን ይከፈታል? እናቲቱ አባቱን ይዛ ካልመጣች ጸሐፊው ይመዘግባል ወይስ ይመልሳታል? ከሩቁ መንደር ለምትመጣ ሴት የአንድ ቀን ሥራ ነው ወይስ አድራ ነው የምትመለሰው?» ልዑካኑ እርስ በርስ ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንዱ ወረቀት ያገላብጣል፣ ሌላው ስልክ ይደውላል። በመጨረሻ መሪው «በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንመልሳለን» አሉ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «ስለ ገበያ ቀኑ ግን አሁን ሊነግሩን ይችላሉ» አሉ። አልነገሯቸውም።

በአገራችን የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ ሲጀመር የነበረውን ታስታውሳላችሁ። እነዚያን ጥያቄዎች የሚጠይቅልን ማን ነበር? አውሮፓዊው አባል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የገበያ ቀን ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። የአካባቢው ልጅ ያውቃል። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መንግሥት መደበቂያ ያጣል እንጂ መጠለያ አያገኝም። ፍትሐዊ ውክልና የምለው ይህን ነው። መንግሥታት የሚፈልጉት ዓይነት ውክልና፣ ማለትም ጡረታ የወጣ አምባሳደር ልኮ ጥያቄ ማለዘብ፣ ለእኔ ከባዶ ወንበር አይሻልም!

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከእኛ መካከል አለ። ቢንያም ዳዊት መዝሙር የአፍሪካን የሕጻናት መብቶችና ደኅንነት ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የሕጻናት መብቶች ኮሚቴ መርቷል። ኢትዮጵያዊ ነው። ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? ለአንድ ሯጭ ቦሌ አበባ ይዘን እንወጣለን፤ የዓለምን ሕጻናት ኮሚቴ ለመራ ሰው ግን የዜና አንድ ደቂቃ አልበቃውም።

ዕጩ እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ፤ ወይም ለማወቅ ስንሞክር የገጠመንን ልንገራችሁ። እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ የአንድ ኮሚቴ ምርጫ ሲቃረብ ስሙን ወደማልጠራው መሥሪያ ቤት ሄድን። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፤ አገሪቱ ዕጩ ታቀርባለች ወይ፣ መስፈርቱ ምንድን ነው፣ ማመልከት የሚፈልግ ሰው ለማን ያመልክት። ዘብ ጋ መታወቂያ አስያዝን። አንደኛው ቢሮ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከን፣ ሦስተኛ ፎቅ ጉዳዩ የሕግ ክፍል ነው አለን፣ የሕግ ክፍል «ደብዳቤ አስገቡ» አለን። አስገባን፤ ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው። ስንመለስ «ለበላይ አካል ቀርቧል» ተባልን። የትኛው የበላይ አካል? ይህን የሚያውቅ አልተገኘም። በኋላ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ሥልጠና ላይ ነው፣ በመጨረሻ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። እኛ በፎቆቹ መካከል ስንመላለስ የማቅረቢያው ቀን አለፈ። ለደብዳቤያችን መልስ እስካሁን አልመጣም።

ይህ የሚያስቆጨኝ የተሻለውን ስለምናውቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1133/2011 መሠረት የምርጫ ቦርድ አባላት ሲሰየሙ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሕዝብ ዕጩ እንዲጠቁም ተጠይቋል። ጥሪው በመገናኛ ብዙኃን ተነግሯል። ታዲያ ለምርጫ ቦርድ የተቻለው ለጄኔቫ ለምን አይቻልም? ፈጽሞ አይቻልም የሚል ሰው ካለ እዚህ መድረክ ላይ ይውጣና ይንገረን!

ሁለተኛው ጥፋት የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ ኒው ዮርክ ላይ፣ ፈራሚ አገሮች ተሰብስበው በምስጢር ድምፅ ሲመርጡ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ኤምባሲዎች እንደ ሰንጋ ገበያ ይደራደራሉ፤ አንተ ለኮሚቴው ዕጩዬን ምረጥ፣ እኔ ለሌላው ድርጅት ወንበርህን እደግፋለሁ። የአፍሪካ ቡድን እስከ 54 ድምፅ አለው። ከዓለም ክፍሎቹ በቁጥር የሚበልጠው የለም። ይህን ያህል ድምፅ ይዞ ወንበር ያነሰው ቡድን ሌላውን ከመውቀሱ በፊት ድምፁን ለማን እንደሸጠ ሒሳቡን ያቅርብ።

የቀሩትን ነጥቦች በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ምርጫ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ ከ18 አባላት አንዲት ሴት ብቻ ቀርታው ነበር፤ የዓለም ክፍል ብቻ ቆጥሮ ሴትን መርሳት ፍትሕ አይባልም። ገንዘብም አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንዶቹ ኮሚቴዎች አባላት የሚከፈለው ክብረ ወሮታ በዓመት 1 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከጉዞና ከውሎ አበል በቀር ሌላ የለም። ደመወዙን የሚጠብቅለት ዩኒቨርሲቲ የሌለው ሰው በዓመት ለበርካታ ሳምንታት ጄኔቫ መቀመጥ አይችልም፤ መንግሥት ዕጩ ሲያቀርብ ይህንንም ያስብበት።

አንድ ነገር ለራሳችንም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት ላይ መሥራት ተከልክሎ ስለነበር ዝም አልን፤ ምክንያት ነበረን። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። ዛሬ የዕጩ አቀራረብ ሕግ ይውጣ ብሎ መጠየቅ የሚከለክለን አንቀጽ የለም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ለማንኛውም የዓለም አቀፍና የአህጉር የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ዕጩ ከመቅረቡ በፊት ማስታወቂያ ይውጣ፣ ከመንግሥት ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ያሉበት መራጭ ኮሚቴ ይቋቋም፣ የተመረጠው ሰው በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሹም አይሁን፣ አገሪቱም ድምፅዋን ለማን እንደሰጠች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታሳውቅ። የረቂቁ ደብዳቤ ቅጂዎች በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። አንብባችሁ የምትስማሙበት ፈርሙበት፤ የማትስማሙበትን አንቀጽ ሰርዛችሁ ከጎኑ ምክንያታችሁን ጻፉ። ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ወደዚያው መሥሪያ ቤት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ብቻችንን አንሄድም፤ ጊዜ ያላችሁ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አግኙን፤ መታወቂያችሁን አትርሱ።

አመሰግናለሁ።