ግራውንዳችሁ የተለካው በየትኛው ወር ነው?

ሰላም ሰላም! ዛሬ አፈርና ኮረንቲ ነው የምናወራው። ግራውንድ ማለት ቤት ውስጥ ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ሽቦና አፈር ውስጥ የተቀበረ ሮድ፣ ማለትም የብረት ዘንግ። ሲለካ የሚታየው ኮረንቲው ወደ አፈሩ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታገድ ነው። እርጥብ አፈር ኮረንቲ ያሳልፋል፣ ደረቅ አፈር ያግዳል። ይሄን ታውቃላችሁ። ለምን? እሱ ነው ጥያቄው።

ድርቆሽ አስቡልኝ። በደንብ የደረቀ እንጀራ። ዓይኖቹ ባዶ ናቸው፣ አየር ብቻ። አፈርም ውስጡ ዓይን በዓይን ነው። አየሩ ኮረንቲ አያሳልፍም፣ ቅንጣቱም አያሳልፍም። አሁን መረቅ ጠብ አድርጉበት። ትንሽ። አንዳንዱ ዓይን ይርሳል፣ ግን እርስ በርስ አይገናኝም። ጨምሩ። አሁንም ጨምሩ። የሆነ ሰዓት ላይ መረቁ ከዳር እስከ ዳር ይያያዛል። ፍርፍር ሆነ! ኮረንቲ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብታፈሱበትም ለውጡ ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ለውጥ ከድርቆሽ ወደ ፍርፍር እስኪደርስ ነው። በጣም የምወደው ምሳሌ ነው! መረቁ ጨው እንዳለው ደግሞ ያዙልኝ።

ቁጥሩን ቶሎ ልበል። እርጥብ ሸክላ አፈር ሬዚስቲቪቲው (ኮረንቲን የማገድ አቅሙ) በአስሮች ኦም ሜትር ነው፤ ደረቅ አሸዋ ከ1,000 ያልፋል። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (አንድ ነገር የኤሌክትሪክ ኃይል ምን ያህል እንደሚያከማች የሚያሳይ ቁጥር) ደግሞ፦ አየር 1፣ የአፈር ማዕድን ከ3 እስከ 5፣ ውሃ 80 ገደማ። ብዙዎቹ የእርጥበት ሴንሰሮች የሚያነቡት ይሄን ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀችው የናሳ ሳተላይት ስማፕም የላይኛውን 5 ሳንቲሜትር እርጥበት የምታውቀው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጨዉ። «ውሃ ራሱ ኮረንቲ ያሳልፍ የለ እንዴ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ንጹሕ ውሃ በጭራሽ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ተሸካሚዎቹ ውሃው ውስጥ የሟሙት ጨዎች ናቸው። ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ የመሳሰሉት። ዋልካ አፈር ደግሞ የቅንጣቱ ገጽ ራሱ ቻርጅ አለው። ስለዚህ ዋልካና አሸዋ እኩል ቢርሱም እኩል አያሳልፉም። ግን አደራ! የቧንቧ ውሃ ጨው አለው። በእርጥብ እጅ ሽቦ እንዳትነኩ።

«እና ግራውንዱ ላይ ጨው ብንነሰንስስ?» ይሠራል፣ ግን ለጊዜው። የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ ሮዱንም ይበላዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሮዱን ጠለቅ አድርጉት። በጋም ቢሆን ታች ያለው አፈር እርጥበቱን ይይዛል። (ይሄ ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ቤት ለሚሠራ ወዳጃችሁም ላኩለት።)

በየካቲት ዋልካ መሬት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይታችኋል። ስንጥቁ ሮዱ አጠገብ ከሆነ፣ ሮዱ የሚነካው አፈር ሳይሆን አየር ነው። ያው ሮድ በነሐሴ ሲለካ ግን ምንም ችግር የለበትም! ኮረንቲው በበጋ ቤቱ ውስጥ ቢያፈተልክ፣ የነሐሴው ቁጥር ማንንም አያድንም። ኤሌክትሪሺያኑ «ግራውንዱ ጥሩ ነው» ሲላችሁ፣ መቼ እንደለካው ጠይቁት። ክረምት ላይ ከሆነ፣ የካቲት ላይ ድጋሚ ይለካላችሁ።