«ቤት የሉም»፦ ስለ አልካን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የማወራው ስለ አንድ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ሻርል-ቫለንቲን አልካን ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ስሙን ሰምታችሁት ካላወቃችሁ አይግረማችሁ። ፒያኖ ለዓመታት የተማረ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። በዘመኑ ከነበሩት የፒያኖ ደራሲዎች ሾፓንን ብዙ ሰው ያውቃል፣ ሊስትንም እንደዚሁ። አልካን ደግሞ የሾፓን ጓደኛና ጎረቤት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ስኩዌር ዶርሊያን በሚባለው፣ አርቲስት በበዛበት ግቢ ነበር የሚኖሩት። ሊስት ደግሞ በጣት ችሎታ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም ብሎ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህን አለ የሚባለው ራሱ በፒያኖ አጨዋወቱ የታወቀው ሊስት ነው!

የተወለደው በ1813 ፓሪስ ውስጥ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባቱ አልካን ሞርሃንዥ ትንሽ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ልጆቹ ሞርሃንዥ የሚለውን የቤተሰብ ስም ትተው በአባታቸው በራሳቸው ስም መጠራት ያዙ። ፈረንጅ ጸሐፊዎች ይሄን ሲያስረዱ ትንሽ ይደክማሉ። ለእኛ ግን ምኑ ይብራራል? ቫለንቲን አልካን፤ አለቀ።

ስድስት ዓመት ሳይሞላው የፓሪስ ኮንሰርቫቷር የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በአሥር ዓመቱ በፒያኖ አንደኛ ሽልማት ወሰደ። በ1838 ባዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ለኦርኬስትራ ከተጻፈው ከቤቶቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ ለሁለት ፒያኖ፣ ለስምንት እጅ አድርጎ የጻፈውን አቀረበ። ከስምንቱ እጆች ሁለቱ የሾፓን ነበሩ። እስከዚህ ድረስ የስኬት ታሪክ ነው፣ ብዙም አልቆይበትም።

ከዚያ 1848 መጣ። የቀድሞ አስተማሪው ዚመርማን የኮንሰርቫቷሩን የፒያኖ መምህርነት ለቀቀ። አልካን ቦታው የእኔ ነው ብሎ ተነሳ። ደብዳቤ ጻፈ፣ አማላጅ ፈለገ፣ ደራሲዋን ጆርጅ ሳንድን ሳይቀር ለመነ። ቦታው የተሰጠው ግን ለማርሞንቴል ነው። ማርሞንቴል ደግሞ ማን ነው? ራሱ አልካን ያስተማረው ልጅ።

በዓመቱ ሾፓን ሞተ። ጥቂት ቆይቶ አልካንም ከመድረክ ጠፋ። ከ1853 በኋላ ለ20 ዓመት ያህል በሕዝብ ፊት ኮንሰርት አልሰጠም።

እዚህ ላይ ሰውየው ይገባኛል። እኔም አንድ ጊዜ የኔ ነው ብዬ የጠበቅኩት ሥራ ለሌላ ሲሰጥ፣ ስልክ ማንሳት አቁሜ ነበር። የሚደውሉት ወዳጆቼ ነበሩ፤ ምንም አላደረጉኝም። ግን «አይዞህ» የሚለውን መስማት አልፈለግኩም። የእኔ አለፈ። የሱ ሃያ ዓመት ቆየ።

በ1861 ለጓደኛው ለፈርዲናንድ ሂለር የጻፈው ደብዳቤ አለ። በየቀኑ ሰው እየጠላሁ ነው፣ ሙዚቃ መጻፍ እንኳ ጣዕሙ ጠፍቶብኛል፣ ዓላማው አይታየኝም ይላል። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ኤስኪስ የተባሉ አጫጭር የፒያኖ ሥራዎቹን አሳትሟል። አርባ ስምንት ናቸው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ አለ። አንዳንዶቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ጣዕሙ ጠፍቶብኛል ባይ አርባ ዘጠኝ ጻፈ!

ስለ እሱ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ለሞተ በቀቀን የቀብር ማርሽ መጻፉ ይወራል። እውነት ነው ጽፏል፤ ለዘማሪዎች፣ ኦቦና ባሱን ለሚባሉ የሚነፉ መሣሪያዎች፤ ለሦስት ኦቦና ለአንድ ባሱን። ዘማሪዎቹ ፊታቸውን አኮሳትረው በቀቀኑን «ቁርስህን በላህ ወይ ዣኮ?» ይሉታል። ደግሞ አሟሟቱ ይወራል። የአይሁድን የሃይማኖት መጽሐፍ ታልሙድን ከመደርደሪያ ላይ ላውርድ ሲል መደርደሪያው ወድቆበት ሞተ የሚል ታሪክ አለ። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ተረት ነው። በ1888 መጋቢት ውስጥ ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቆ፣ የጃንጥላ ማስቀመጫ ላዩ ላይ ተደፍቶበት ተገኘ። ወደ መኝታ ቤቱ ወሰዱት፣ በዚያው ምሽት አረፈ። 74 ዓመቱ ነበር። ተረቱ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ ጃንጥላ ማስቀመጫ ለታሪክ አይመችም።

እኔን የሚያናድደኝ በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል ሙዚቃው መረሳቱ ነው። እስቲ ወደ ሙዚቃው እንሂድ።

በ1857 አሥራ ሁለት ኤቱዶች አሳተመ፤ ኦፐስ 39፣ ማለትም የሥራ ቁጥር 39። ኤቱድ ማለት የጣት ልምምድ ነው፤ ተማሪ የሚፋጭበት ነገር። ይሄን መጽሐፍ ስትገልጡ ግን ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት አንድ ላይ ሙሉ ሲምፎኒ ናቸው፤ ለአንድ ፒያኖ። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ደግሞ ኮንቸርቶ ናቸው፤ እሱም ለአንድ ፒያኖ። ኮንቸርቶ እኮ አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚመላለስበት ነው። አልካን ኦርኬስትራውን አስቀረው። ማስቀረት እንኳ አይባልም፤ ሁለቱንም ለአንድ ሰው ሰጠው። ኖታው ላይ «ቱቲ» ብሎ ይጽፋል፤ ኦርኬስትራው ሁሉ ገባ ማለት ነው። ቀጥሎ «ሶሎ» ይላል፤ አሁን ፒያኖ ተጫዋቹ ብቻውን ነው። ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው!

የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ከ1,300 ሜዠር በላይ ነው፤ ሜዠር ማለት ኖታው የሚከፋፈልበት ትንሽ መለኪያ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መግቢያው ላይ ወፍራም፣ ሰልፍ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ኦርኬስትራው ነው። ረጅም ያወራል። ከዚያ ዝም ይልና ፒያኖው ይገባል። ፒያኖ እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰማችሁ ነበር! ግን «አሁን ገባ» ትላላችሁ። ድምፁ ይቀጥናል፣ ንግግሩ ይለወጣል። አንዱ ሰው ራሱን ሲያጅብ፣ ለራሱ ቦታ ሲለቅ፣ ራሱን ሲጠብቅ ትሰማላችሁ። ይሄን ያሳተመው መድረክ ከተወ በኋላ ነው። አጃቢ እንደማይመጣ ያወቀ ሰው ሥራ ይመስለኛል። የኔ ግምት ነው፤ እሱ እንዲህ አላለም።

የተረሳበትም አንዱ ምክንያት እዚሁ ላይ ያለ ይመስለኛል። ትልቁን ሥራውን «ኤቱድ ቁጥር 8» ብሎ ልምምድ መጽሐፍ ውስጥ ከተተው። ለመጫወት ደግሞ መከራ ነው። ደራሲው ራሱ መድረክ ላይ የለም። ታዲያ ማን ያሰማለት?

ጣት የሚሰብረው ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1847 ካሳተማቸው ፕሬሉድ ከሚባሉ አጫጭር ሥራዎች ስምንተኛዋ «በባሕሩ ዳርቻ ያለችው እብድ ሴት መዝሙር» ትባላለች። ግራ እጅ ከፒያኖው ታች፣ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ቀስ እያለ ይመታል። ቀኝ እጅ ከላይ ጫፍ ላይ ቀጭን ዜማ ይይዛል። መሐሉ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መሐሉን በአርፔጂዮ፣ ተከታትለው በሚመቱ ኖታዎች ይሞላው ነበር። አልካን ተወው። ሴትየዋና ባሕሩ አይገናኙም። ከዚያ ሩጫው ይጀምራል፣ ዜማው ይጣደፋል፣ መልሶ ይበርዳል። የሰማኋት ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ካለቀች በኋላ ሌላ ነገር መክፈት አልፈለግኩም።

በዚያው ዓመት የወጣው «አራቱ ዕድሜዎች» የሚባለው ሶናታም አለ፤ በክፍል በክፍል የተጻፈ ረጅም የፒያኖ ሥራ ነው። 20 ዓመት፣ 30፣ 40፣ 50። የእያንዳንዱ ክፍል ፍጥነት ከቀደመው ይቀንሳል። ሃያው ይሮጣል፣ ሃምሳው በሰንሰለት የታሰረ ፕሮሜቴየስ ነው፤ በግሪክ አፈ ታሪክ አማልክት የቀጡት። ሲያሳትመው እሱ ገና 30ዎቹ ውስጥ ነበር። ሃምሳን እንዲህ አድርጎ መጠበቁ ያሳዝነኛል።

ደግሞ በ1873 ተመለሰ። በፒያኖ ሠሪዎቹ በኤራር አዳራሽ ትንንሽ ኮንሰርቶች ጀመረ፤ የድሮ ደራሲዎችን ባኽን፣ ራሞን፣ ኩፕሬንን ይጫወት ነበር። ፍሬደሪክ ኒክስ የሚባል የሾፓንን ታሪክ የጻፈ ሰው ሊጠይቀው ቤቱ ድረስ ሄደ። ከበር ላይ «ቤት የሉም» ተባለ። «መቼ ላገኛቸው?» ሲል የተመለሰለት «በጭራሽ» የሚል ነው። ኒክስ ግን ኤራር ዘንድ ሄዶ አገኘው። የተቀበለው በትሕትና ብቻ ሳይሆን በወዳጅነት ነበር። ማርሞንቴልም፣ ያ ቦታውን የወሰደው፣ በ1878 ስለ ታዋቂ ፒያኖ ተጫዋቾች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አልካንን በአክብሮት አንስቶታል።

ከሞተ በኋላ ፒያኖ ተጫዋቹ ቡዞኒ ሥራዎቹን ተጫወተ። በ1960ዎቹ ፒያኖ ተጫዋቾቹ ሬይመንድ ሌዌንታልና ሮናልድ ስሚዝ ከአቧራ አነሱት። ዛሬ ፒያኖ ተጫዋቹ ማርክ-አንድሬ ሃመሊን የቀረጸው አለ፤ ኮንቸርቶውን የምትሰሙ ከሆነ እሱን ፈልጉ። ግማሽ ሰዓቱ ከበዛባችሁ ዝለሉትና የዚያው መጽሐፍ መጨረሻ፣ ቁጥር 12 ላይ ሂዱ። «የኤዞፕ ግብዣ» ይባላል፤ ኤዞፕ የእንስሳት ተረት በመንገር የታወቀው የጥንት ግሪካዊ ነው። አንዲት አጭር ዜማ 25 ጊዜ ትለዋወጣለች፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አትፈጅም። አንደኛው ላይ አልካን «እየጮኸ» ብሎ ጽፏል፤ ውሻ ነው። ከኤዞፕ ተረቶች የትኞቹ ሌሎች እንስሳት እንደሚሰሟችሁ ጻፉልኝ። እኔ አንበሳ አለ ባይ ነኝ።