ትእዛዙ ተፈረመ፤ ከዚያስ?

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱን ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ ግን ታገሱኝ። ፕሬዝዳንት ሠራዊቱን የሚመለከት ትእዛዝ ሲፈርም ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? በቴሌቪዥን የምናየው ፊርማውን ነው። ወፍራም እስክሪብቶ፣ ከጀርባ የተደረደሩ ሰዎች፣ ጭብጨባ። ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን የአሜሪካን ምድር ጦር ዩኒፎርም ለብሼ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ወረቀት ከላይ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ከጭብጨባው በኋላ ስላለው ነው።

የመረጥኩት ትእዛዝ አሮጌ ነው። ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ጁላይ 26 ቀን 1948 የፈረሙት፣ ቁጥር 9981። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ያኔ የአሜሪካ ሠራዊት ጥቁርና ነጭ ለየብቻ የሚሰለፍበት፣ ለየብቻ የሚተኛበት፣ ለየብቻ የሚበላበት ነበር። ትእዛዙ ያንን ለመለወጥ የወጣ ነው።

ከየት መጣ? እኔ ቤዚክ፣ ማለትም የመጀመሪያውን የወታደር ሥልጠና፣ የወሰድኩት ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን ነው። ኮሎምቢያ ከተማ ጥግ ላይ ነው። አሸዋ፣ ጥድ፣ ሙቀት፣ ጉንዳን። ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ ባተስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሠለጥን ስሟን ሰምቼም አላውቅ። በፌብሩዋሪ 1946 ሳጅን አይዛክ ዉዳርድ የሚባል ጥቁር ወታደር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ፣ በዚያው ቀን ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ወደ ሚስቱ በአውቶቡስ ይሄድ ነበር። መጸዳጃ ቤት እንዲቆምለት ሹፌሩን ጠየቀ። ተጨቃጨቁ። ባተስበርግ ላይ ሹፌሩ ፖሊስ ጠራበት። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ በዱላ ደብድቦ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋቸው። ጉዳዩ ኮሎምቢያ ፌደራል ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሁሉም ነጭ የሆኑት የፍርድ ሸንጎ አባላት (ጁሪ) ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይፈጅባቸው ፖሊሱን ነጻ ለቀቁት። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈ ሰሌዳ ቆሟል፤ በ2019 ነው የተተከለው። ከታች በብሬል ተጽፎበታል፤ በጣት የሚነበብ ማለት ነው።

ዉዳርድ የተሰናበተው ጆርጂያ ካለው ካምፕ ጎርደን ነበር። ይህ ሰፈር በ2023 ፎርት አይዘንሃወር ተባለ፤ በ2025 ደግሞ ተመልሶ ጎርደን ሆነ። የቀድሞው ጎርደን የባርነት ደጋፊዎቹ የደቡብ ጦር ጄኔራል ነበር። የአሁኑ ግን በ1993 ሞቃዲሾ ላይ የሞተው ማስተር ሳጅን ጋሪ ጎርደን ነው ተብሏል። ስሙን መልሰው ሰውየውን ቀየሩት። የወረቀት ነገር እንዲህ ነው፣ እንለፈው።

ትሩማን የዉዳርድን ታሪክ ሲሰሙ በጣም እንደተቆጡ ይነገራል። እሳቸውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ ሻምበል አዛዥ ነበሩ። ቁጣ ብቻውን ግን አላስፈረማቸውም። በ1948 ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ የሚባሉት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ፊት ለፊት ነገሯቸው፦ በዘር በተከፋፈለ ሠራዊት ውስጥ ጥቁር ወጣት ለግዳጅ ምልመላ እንዳይቀርብ እንቀሰቅሳለን። የምርጫ ዓመት ነበር። የጥቁሮች ድምፅ ያስፈልግ ነበር። እኔ ይህን ስል ትሩማንን ለማሳነስ አይደለም። በጎ ሐሳብና የፖለቲካ ስሌት አንድ ብዕር ላይ ሲገናኙ ነው አብዛኛው ትልቅ ነገር የሚፈረመው።

ትእዛዙ ራሱ አጭር ነው። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እኩል አያያዝና ዕድል ይኑር ይላል። በተቻለ ፍጥነት ይፈጸም ይላል፤ ግን የሠራዊቱ ብቃትና ሞራል ሳይጎዳ ለውጡ የሚጠይቀው ጊዜ ግምት ውስጥ ይግባ ብሎ ይጨምራል። የተለያዩት ክፍሎች ይፍረሱ የሚል አንድም መስመር የለበትም። ቢሮክራሲ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። "ጊዜ ግምት ውስጥ ይግባ" ከተባለ እኮ በሩ ተከፍቷል።

ምድር ጦሩም በዚያ በር ገባ። የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ በዚያው ሳምንት ሠራዊቱ የማኅበራዊ ለውጥ ቦታ አይደለም የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገሩ። ጋዜጠኞች ትሩማንን ጠየቁ፦ ትእዛዝዎ በመጨረሻ መለያየቱን ያስቀራል ማለት ነው? አዎ አሉ። ግልጽ ነው፣ አይደል? የምድር ጦር መሥሪያ ቤቱ የበላይ የነበሩት ኬኔት ሮያል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መሥሪያ ቤቱ በአዲሱ አደረጃጀት ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አመሉ ግን የቆየው አመል ነው። አየር ኃይሉ ቶሎ ተንቀሳቅሶ ጥቁር አብራሪዎች የነበሩበትን 332ኛ ክንፍ በ1949 አፍርሶ ሰዎቹን በየቦታው ሲመድብ፣ ምድር ጦሩ እግሩን ይጎትታል። እንግዲህ ሁሉም የሚታዘዙት ለአንድ ጠቅላይ አዛዥ ነው!

ለእኔ የትእዛዙ ልብ ማንም የማያነሳው አንቀጽ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ያቋቁማል። ሰብሳቢው ቻርልስ ፋሂ የሚባሉ የሕግ ሰው ናቸው። ከአባላቱ ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ የጋዜጣ አሳታሚው ጆን ሴንግስታክና አርበን ሊግ የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ሰው ሌስተር ግሬንጀር። ኮሚቴ ሲባል እኛ አገር ጉዳዩን ለመቅበር የሚቋቋም ነገር ነው። ይኼኛው ግን ነከሰ፣ አለቅም አለ።

እንዴት? እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ሳየው ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ስለ ፍትሕ እየሰበከ አልመጣም። ስለ ብክነት ነው የጠየቀው። ጄኔራሎቹ "የሠራዊቱን ብቃት ይጎዳል" ይላሉ። እሺ፣ ስለ ብቃት እናውራ አላቸው። ለምሳሌ ሬዲዮ መጠገን የሚችል ጥቁር ወታደር አለ እንበል። በጥቁሮቹ ክፍል የሬዲዮ ቦታ ከሌለ ወጥ ቤት ወይም ጭነት መኪና ላይ ይመደባል። አጠገቡ ያለው የነጮች ክፍል ደግሞ የሬዲዮ ሰው አጣሁ እያለ ይጮኻል። ይሄ ምን ዓይነት ብቃት ነው? ምን መልስ አለው? ምድር ጦሩ ዕቅድ ያቀርባል፣ ኮሚቴው አይበቃም ይላል። ሮያል በ1949 ለቀቁ። በተተኪያቸው በጎርደን ግሬይ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 1950፣ ወታደር በሙያው ይመደብ የሚል መመሪያ ወጣ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ደግሞ የጥቁር ወታደር ቁጥር ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ይገድብ የነበረው ኮታ ተነሳ። ከፊርማው ወደ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ትልልቆቹ ክፍሎች እንደተለያዩ ነበሩ። የቀረውን የሠራው ጦርነት ነው። ጁን 1950 ኮሪያ ላይ እሳት ተነሳ። ፎርት ጃክሰን በምልምል ተጥለቀለቀ። ጥቁሩን እዚህ፣ ነጩን እዚያ እያሉ ለመለየት ጊዜም ቦታም አልተገኘም። አዛዡ ደባለቋቸው። ያስፈራሩበት የነበረው ብጥብጥ አልመጣም። እኔ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ ከቴክሳስ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከናይጄሪያ ከመጡ ልጆች ጋር አልጋ ላይ በአልጋ የተኛሁበት ሰፈር ማለት ነው። አሠልጣኛችን ድሪል ሳርጀንቷ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቆርቆሮ እየደበደበች ስትገባ ሁላችንም እኩል ነበር የምንደነግጠው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰዎች የሚገቡት። ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ የደረሰው ሜይ 1951 ነው። አዛዡ ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ፤ ሰዎቹ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡ። የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነው። የቃኘውን ጀግንነት ሁላችንም ከልጅነታችን እንሰማለን፤ አንድም ሰው አልተማረከም እየተባለ። የገቡበት ሠራዊት በዚያ ወር ምን ላይ እንደነበር ግን የሚነግረን የለም። በዚያው ሜይ የአሜሪካ የሩቅ ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማቲው ሪጅዌይ፣ በእኔ ሥር ያሉትን ጥቁርና ነጭ ወታደሮች ልደባልቅ ብለው ዋሽንግተንን ፈቃድ እየጠየቁ ነበር። ልብ በሉ። ፕሬዝዳንቱ ከፈረሙ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ጄኔራሉ ግን ገና ፈቃድ ይጠይቃሉ! የጥቁሮቹ 24ኛ ሬጅመንት የፈረሰው ኦክቶበር 1 ቀን 1951 ነው። ስለዚህ ለወራት በአንድ ግንባር ላይ፣ ኢትዮጵያዊው ሻለቃ በአሜሪካ ሬጅመንት ውስጥ ሲዋጋ፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ለብቻው በተለየ ሬጅመንት ይዋጋ ነበር። በእኛ በኩል ጃንሆይ አዘዙ፣ ዘበኛው ዘመተ፣ አለቀ። ኮሚቴ የለም፣ "በተቻለ ፍጥነት" የለም። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ኮሚቴውን እመርጣለሁ። የጃንሆይ ዓይነቱ ፍጥነት ትእዛዙ መጥፎ የሆነ ቀን ማቆሚያ የለውም።

የመጨረሻው የጥቁሮች ብቻ ክፍል የፈረሰው በ1954 ነው። ስድስት ዓመት። ትሩማን ከቤተ መንግሥት ከወጡ በኋላ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ በግሪን ካርድ ነው የተመዘገብኩት። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ጁላይ 3 ቀን 2002 የፈረሙት 13269 የሚባል ትእዛዝ አለ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ በክብር ያገለገለ የውጭ አገር ሰው ዓመታት ሳይጠብቅ ለዜግነት እንዲያመለክት በሩን ከፈተ። እኔ ዜግነቴን የወሰድኩት ቤዚክ ስጨርስ ነው። በክብር ማገልገሌን የሚያረጋግጥ ኤን-426 የሚባል ፎርም ተሞላ፣ ጸሐፊዋ ፈረመች፣ እጄን አነሳሁ፣ ማልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጓደኛዬ በተጠባባቂው ጦር ተመዘገበ። ትእዛዙ ያው ነው፣ አልተነካም። ነገር ግን በኦክቶበር 2017 የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ያቺ ፎርም የምትፈረመው መደበኛው ወታደር 180 ቀን፣ ተጠባባቂው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው ተባለ። ፈራሚውም ቢያንስ ሙሉ ኮሎኔል ይሁን ተባለ። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ የሚሰለፍ ተራ ወታደር ሙሉ ኮሎኔል የት ያገኛል? ጓደኛዬ ፎርሙን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ ይመላለሳል። ሰውየው የለም፣ ስብሰባ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ና። በሚቀጥለው ወር ሲሄድ ፎርሙ አዲስ ወጥቷል፣ እንደገና ሙላ። ነገሩ አድሮ ቃሪያ ሆነበት። ማንም የፕሬዝዳንቱን ትእዛዝ አልሻረም፤ አንዲት ፊርማን ብቻ አራቋት። በኦገስት 2020 የዋሽንግተን ፌደራል ፍርድ ቤት ያንን የቆይታ ጊዜ ውድቅ አደረገው፤ ወታደሮቹ ራሳቸው ከሰው ነው። ያኔ የፋሂ ኮሚቴ የሠራውን ሥራ እዚህ የሠሩት ከሳሾቹ ናቸው።

ለዚህ ነው አዲስ ትእዛዝ ተፈረመ ሲባል፣ ደግም ሆነ ክፉ፣ ቶሎ የማልጨፍረው፣ ቶሎም የማላለቅሰው። መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ይከታተለዋል ብዬ ነው። ቀጥሎ ቃሉን ወደ መመሪያ የሚገለብጠው የትኛው ቢሮ ነው? ለሠራዊቱ የሚወጡት ትእዛዞች ደግሞ በአንድ ብዕር ተፈርመው በሌላ ብዕር ይሻራሉ። ትራንስጀንደር ወታደሮችን በተመለከተ በ2017 ታገደ፣ በ2021 ተፈቀደ፣ በ2025 እንደገና ተከለከለ። አቋማችሁ የትኛውም ይሁን፣ በመሃል ያለው ወታደር ግን አንድ ሰው ነው፤ ውሉም አንድ ነው።

አንዲት እናት ባለፈው በድምፅ መልእክት ጠይቀውኝ ነበር። ልጃቸው ሊመዘገብ ነው፤ "ያ የቡሽ ትእዛዝ ይነሳ ይሆን እንዴ?" ይላሉ። እማማ፣ ትእዛዙ ራሱ ማብቂያውን ለሌላ ፕሬዝዳንት ነው የተወው፤ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ እስኪወሰን ይቆያል ይላል። ስለዚህ ልጁ በዜግነት ተስፋ ብቻ አይመዝገብ። ከተመዘገበ ደግሞ ኤን-426ን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይጠይቅ። የሰጠውን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያስቀር፣ ለማን እንደሰጠና በየትኛው ቀን እንደሰጠ ይጻፍ። ካዘገዩት በአብዛኛው የጦር ሰፈር ውስጥ ለወታደር በነጻ የሚያማክር የሕግ ቢሮ አለ፤ ሳያፍር ይግባ። የሥልጠናው ቦታ ፎርት ጃክሰን ከሆነ ንገሩኝ፣ የጉንዳኑን ነገር ለብቻው አስረዳዋለሁ። በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።