«ክላክስ አድርጌልዎት ነበር እኮ»

የተከበራችሁ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ ባጃጅ ነጂ ልጆቼ፣ የደሴ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ስለ እግረኛ ደኅንነት 10 ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። ወረቀትም ይዣለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላውጣ።

አምና ከሰኞ ገበያ ስመለስ ነው። የእኛ ከተማ የእግረኛ መንገድ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የድንች ጆንያ፣ የጫማ ንጣፍ፣ የጀሪካን ድርድር። እኔም እንደ ሁላችሁ አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። በአንድ እጄ ምርኩዝ፣ በሌላው 12 እንቁላል በፌስታል። አንድ ባጃጅ ቁልቁል መጥቶ በስፖኪዮው ትከሻዬን መታኝ። ወደቅኩ። ልጁ ወረደና መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ስፖኪዮውን ነው! «ክላክስ አድርጌልዎት ነበር እኮ አባባ» አለኝ። የከበበኝ ሰው «አብሽር፣ አብሽር» እያለ ካነሳኝ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምነው ዞር ብለው አያዩም?» አስኳሉ ጫማዬ ላይ እየፈሰሰ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ልጆቼ፣ ጡሩምባ በመንፋትማ ቢሆን መንገዱ ሁሉ የሰርገኛ ነበር!

ጡረተኛ መምህር ሥራ የለውም፤ ሕጉን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ሌላ ሰው ቢነዳውም። ጥፋቱ የተጎጂው ነው የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። እኛ ጋ ግን የሚያስረዳው አስፋልት ላይ የተዘረረው ሰው ነው! በየትኛው ሕግ?

ሌላም አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ በ2005 ሲወጣ ለሰው ሞት ከፍተኛው ካሳ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት 100 ሺህ ብር ነበር። የግቢ አጥር ከአባወራው በለጠ ማለት ነው!

ስለ ሐረጎ ቁልቁለትና ስለ ከባድ መኪና ፍሬን የጻፍኩትን ልለፈው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሱት ከእኔ በላይ ያውቁታል። እግረኞች፣ ግራችሁን ያዙ፤ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ይታያችኋል። እኔ ያን ቀን ቀኜን ይዤ ነበር፤ አልክድም።

ፖሊሶች፣ አደጋ ቦታ ስትደርሱ «አያይም ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ሾፌሩን በስንት ፍጥነት እንደመጣ ጠይቁልኝ። ጆንያውንም ከእግረኛ መንገድ አስነሡልን።

10 ደቂቃዬ አለቀች መሰለኝ። አንተ ልጅ፣ እዚያ ከኋላ የተቀመጥከው፣ አይቼሃለሁ። ስፖኪዮህ ተሠራ?