ሞላው ያለው ጎማው ውስጥ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቱ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ሆኜ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ከሰማችሁ ታገሱኝ፤ ነሐሴ ነው፣ አድአ ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም።

ስለ ትራክተር ጎማ ላወራችሁ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ከወገቤ ነው።

አምና ይቺን 35 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ስገዛ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያገለገለች ናት፤ አራቱም ጎማ ይነዳል፣ ከፊት ሎደር አላት። ከዚያ በፊት አንድ የግንባታ ግቢ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ስታነሳ ነው የኖረችው። ሻጩ ጎማዎቹን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አዲስ ናቸው፣ ለዓመታት አያሳስቡህም» አለኝ። አልዋሸኝም፣ አዲስ ነበሩ። እኔ ያልጠየቅሁት ለምን ዓይነት መሬት እንደተሠሩ ነው።

ከቤት እስከ ማሳዬ 4 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ። መጀመሪያ ሰሞን ከትራክተሯ ወርጄ እግሬ መሬት ከረገጠ በኋላም ሰውነቴ መንቀጥቀጡን አይተውም ነበር። በሦስተኛው ወር ጫማዬን ለመፍታት ማጎንበስ አቃተኝ። ባለቤቴ ነበረች ቁጢጥ ብላ የምትፈታልኝ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ብዙዎቻችን «ትራክተር ያው ትራክተር ነው፣ ይንጣል» ብለን ስለምንቀበለው ነው። መቀበል የለብንም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት መመሪያ፣ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ መላ ሰውነቱ ላይ የሚደርሰው ንዝረት 0.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ካለፈ አሠሪው መላ እንዲፈልግ፣ 1.15ን ግን ፈጽሞ እንዳያልፍ ብለው በቁጥር አስቀምጠውታል። የወገብ ጉዳይ የወኔ ጉዳይ አይደለም።

እኔ መድኃኒቱን የፈለግሁት ከወንበሩ ነበር። ስፖንጅ ገዛሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ እንደ ቂጣ ተጋገረ። ሌላ ወፍራም አስሰፋሁ። እሱ ደግሞ ከፍ አድርጎ አስቀመጠኝና ፍሬኑን በደንብ መርገጥ ከለከለኝ። ወንበሩ ሥር የነጂውን ክብደት የሚያስተካክል መዘውር እንዳለም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከእኔ በብዙ ለሚከብድ ሰው ተጠብቆ ኖሯል፤ ሳላላው ትንሽ ተሻለኝ። ትንሽ ብቻ።

አንድ ቀን ሞጆ መንገድ ላይ ካለ ጎሚስታ ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ የአንድ አይሱዙ ባሌስትራ ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያንን እያየሁ ዞር ብዬ የእኔዋን ሥር ተመለከትኩ። ባሌስትራ የለም። ሞላ የለም። አመርቲዛተር የለም። የኋላው አክስል በቀጥታ ከካምቢዮው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ ነው የተቀመጥኩት። የፊተኛው አክስል መሃሉ ላይ ባለው ፒን እንደ ሚዛን ይወዛወዛል እንጂ አይለጠጥም። ታዲያ በእኔና በድንጋዩ መካከል የሚተጣጠፍ ነገር ምንድን ነው? ጎማው፤ እሱም ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ንፋስ። ድሮ ትራክተር ባብዛኛው የብረት እግር ነበረው። አሜሪካ ውስጥ አሊስ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሞዴል ዩ የሚባለውን ትራክተሩን በንፋስ ጎማ አቅርቦ ገበሬውን ያስደነቀው ለዚሁ ነው።

የጎሚስታውን ልጅ ንፋሱን እንዲለካልኝ ጠየቅሁት። የኋላዎቹ 35 ፒኤስአይ፣ የፊቶቹ 45። ለጭነት መኪና በለመደ እጅ የተሞላ ነው። ቫልቩን ጫን ሲያደርገው ደግሞ ከንፋሱ ጋር ዝገት ዝገት የሚሸት ቡናማ ውሃ ጃኬቴ ላይ ተረጨ። የቀድሞው ባለቤት ሎደሩ ሲከብድ የኋላው እንዳይነሳ ውሃ ሞልቶባቸው ኖሯል። ለሎደር ሥራ ትክክል ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አያገለብጥም። ግን ጎማው እስከ ሦስት አራተኛው ውሃ ሲሆን ለመለጠጥ የቀረው ንፋስ አንድ አራተኛ ነው። ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። እኔ ዓመቱን ሙሉ በውሃ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነበር የምነዳው።

ጎማ ስለ መምረጥ ብዙ ሰው ጠይቃችሁኛል። ዓይነቱ የሚለየው በጎኑ ላይ በተጻፈው ነው። አር 1 የእርሻ ነው፤ ጥርሱ ጥልቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ። አር 3 ለሣር ሜዳ ነው፤ ጥርሱ ዝቅ ያለ፣ መሬት የማይቧጥጥ። አር 4 የኢንዱስትሪ የሚባለው ነው፤ ግድግዳው ጠንካራ፣ ጥርሱ ወፍራምና አጭር። የእኔዎቹ አር 4 ነበሩ። ለጠጠር ግቢ እነሱን የሚያህል የለም። በእኛ ዋልካ ላይ ግን ሐምሌ ሲገባ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይጋገርና ጎማው እንደ ሙቀጫ ልሙጥ ይሆናል። ግድግዳቸውም ጠንካራ ስለሆነ ንፋስ ብትቀንሱላቸው እንኳ ያን ያህል አይተጣጠፉም።

ወዲያው አልቀየርኩም። ለሁለት ሳምንት በደብተር ያዝኩ፤ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ስንት ሰዓት ማሳ ውስጥ። መንገድ 6 ሰዓት፣ ማሳ 31 ሰዓት ወጣ። ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ አር 4ቱን አልነካቸውም ነበር። ምክንያቱም አር 1 ኮረኮንችና አስፋልት ላይ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል፤ ይነዝራልም። ይህንን ሳልነግራችሁ ባልፍ ልክ አይሆንም።

አሁን በጣም እንድትሰሙኝ የምፈልገው ነገር ጋ ደረስኩ። ለኋላ የምፈልገው 11.2-24 ነበር፤ ወርዱ 11.2 ኢንች፣ ቸርኬው 24 ኢንች ማለት ነው። አንድ ነጋዴ 12.4-24 በጥሩ ዋጋ አቀረበልኝ። «ቸርኬው ያው ነው፣ ሰፋ ይልልሃል» አለኝ፤ ልገዛው ምንም አልቀረኝም። ግን አራቱም ጎማ በሚነዳ ትራክተር የፊቱና የኋላው ጎማ በጥርስ የተቆላለፉ ናቸው። የፊቱ ከኋላው በትንሹ፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ ቀድሞ መሳብ አለበት። ያ ልክ ከተዛባ ጎማዎቹ ይጎታተታሉ፤ የሚበላው ካምቢዮው ነው።

ስለዚህ ከወንድሜ ልጅ ጋር ለካን። መጀመሪያ 11.2 የገጠመ ልኳ ከእኔዋ ጋር አንድ የሆነ የጎረቤት ትራክተር ላይ። በፊትና በኋላ ጎማው ላይ ነጭ ቀለም ቀባን። እኔ በዝግታ ነዳሁ፣ እሱ ከጎን እየተራመደ ቆጠረ። የኋላው አሥር ጊዜ ሲዞር፣ የፊቱ መንጃ ሲላቀቅ የፊተኛው ጎማ 15 ተኩል ዞረ፤ መንጃው ሲገባ 16። ግማሽ ዙር ትርፍ፣ ወደ 3 በመቶ ማለት ነው። ልክ ነው። 12.4ቱ ግን ዙሪያው በ5 በመቶ ገደማ ይበልጣል። እሱን ከኋላ ብገጥመው ኖሮ ፊቱ መቅደሙ ቀርቶ ወደ ኋላ ይጎተት ነበር። ያቺ የቀለም ነጥብ አንድ ካምቢዮ አተረፈችልኝ።

11.2ቱን ከአዲስ አበባ አገኘሁ፤ ለፊቱም ከሱ ጋር የሚሄድ 7-16 አር 1። ግድግዳቸው ይበልጥ የሚለጠጠውን ራዲያል ጎማ በልኬ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አጣሁ። ስትገጥሙ ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት እዩ። የጥርሱ ሹል ጫፍ ነው መሬቱን ቀድሞ መንከስ ያለበት፤ ያኔ ጭቃውን ወደ ጎን እየገፋ ራሱን ያጸዳል። የእኔ ግራው በተቃራኒ ተገጥሞ ነበር፣ አስፈታሁት። አዲሶቹ ውስጥ ውሃ አልሞላሁም። በምትኩ በቸርኬው ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት አሠራሁ፤ ማሳ ስገባ ሎደሩን አውልቄ ቤት እተወዋለሁ። ንፋሱን የጎማው አምራች ባወጣው የክብደት ሠንጠረዥ ተመርቼ የኋላውን ወደ 14 አወረድኩ፣ የፊቱን ወደ 20። የእኔን ቁጥር አትቅዱ፤ የእናንተ ትራክተር ሌላ ክብደት አለው። ሎደር ተገጥሞ የሚጭን ደግሞ ለፊቱ ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል። የፊተኛውን አክስል ፒንም ግራሶ አስነከርኩት፤ ለካ ደርቆ ነበር እንደዚያ ሲያንቋቋ የከረመው።

የመጀመሪያው ጠዋት ያችን ኮረኮንች ስወጣ ጎማው ድንጋዩን ሲውጠው ዓይኔ እያየ ነው። ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ጋ ሆዱ ይሰፋል፣ ይመለሳል። ያ ሁሉ ድሮ አከርካሪዬ ላይ ያርፍ የነበረ ነው።

አባቴ ማሳው ዳር ቆመው ያዩኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በበሬ ያረሱ ናቸው፤ ትራክተሯን ወደዋት አያውቁም። ወርጄ ስቀርባቸው ዱካውን በዱላቸው እየነኩ፣ «ይሄ የዛሬው ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባዬ፣ የዛሬው ነው።»

«ያ ያምናው ግን አፈሩን እንደ ጡብ ነበር የሚደቀድቀው። ሽምብራዬ እዚያ ላይ አልበቀለም፣ ነግሬህ ነበር።»

ነግረውኛል። አልሰማኋቸውም፣ ዘሩ ነው ብዬ ነበር። ጎማ የላይኛውን አፈር የሚጫነው በውስጡ ባለው ንፋስ ልክ ያህል ነው። 35 የሞላ ጎማ መሬቱንም ወደዚያው ይጫነዋል፤ 14 ያለው ጠፍጠፍ ብሎ ክብደቱን ያሰፋዋል። ዓመቱን ሙሉ እኔ ስለ ወገቤ ሳስብ፣ እሳቸው ስለ አፈሩ እያሰቡ ነበር፤ ሁለታችንም የምናወራው ስለ አንድ ቫልቭ መሆኑን ሳናውቅ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምንም አላሉኝም፤ ጎንበስ ብለው ከዱካው ላይ አንድ ጓል አነሱና በጣታቸው ፈረካከሱት።

ጳጉሜን ላይ ሽምብራውን እንዘራለን። ኅዳር ሲገባ ያምናውን ዱካና የዘንድሮውን ዱካ ጎን ለጎን በዶማ እንቆፍርና የሥሩን ርዝመት እንለካለን፤ አባቴ ናቸው ቦታውን በችንካር ምልክት ያደረጉት። ያገኘነውን እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።