ሥራውን እየሠሩ መማር፦ የአይቲ አፕረንቲስሺፕ

[ስክሪን፦ የሥራ ማስታወቂያ፣ «2 ዓመት ልምድ» የሚለው ተከቦ]

ተራኪ፦ ይህን መስመር ያላየ የአይቲ ሥራ ፈላጊ የለም። ሥራ ለማግኘት ልምድ፣ ልምድ ለማግኘት ሥራ። አፕረንቲስሺፕ ይህን ቋጠሮ ይፈታል። ትቀጠራላችሁ፣ ደሞዝ ይከፈላችኋል፣ ጎን ለጎን ትማራላችሁ።

ከኢንተርንሺፕ ጋር እንዳታምታቱት። ኢንተርንሺፕ አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ወራት ነገር ነው፤ ክፍያም ላይኖረው ይችላል። አፕረንቲስሺፕ ግን ውልና የሥልጠና ዕቅድ አለው። ጀርመን ውስጥ «ፋህኢንፎርማቲከር» የተባለው የአይቲ ሙያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው። በመደበኛው 3 ዓመት ይፈጃል፤ ጊዜው በድርጅቱና በሙያ ትምህርት ቤቱ መካከል ይከፋፈላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በሰዓት የሚለካ የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ ቢያንስ 2,000 ሰዓት የሥራ ላይ ሥልጠና ይጠይቃል፤ የክፍል ትምህርቱ በዓመት 144 ሰዓት እንዲሆን ይመከራል። እንግዲህ አስቡት፤ ትልቁ ትምህርት ያለው ሥራው ላይ ነው።

ብዙ ተለማማጆች የሚጀምሩት ሄልፕ ዴስክ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ያስቸገራቸውን ሠራተኞች በሚረዳው ክፍል ነው። አንድ ቲኬት፣ ማለትም የተመዘገበ የእርዳታ ጥያቄ፣ አብረን እንክፈት።

[ስክሪን፦ «ኢንተርኔት እምቢ ብሎኛል። አስቸኳይ!»]

ደዋይዋ ከሒሳብ ክፍል ናቸው። ተለማማጁ መጀመሪያ፣ «አጠገብዎ ላሉትስ ይሠራል?» ይላል። ይሠራል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ደህና ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ያስከፍትና የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳየውን «አይፒኮንፊግ» ያስጽፋቸዋል። አድራሻው በ169.254 ይጀምራል።

ለሚያውቀው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኔትወርክ ላይ ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት ነው። ዊንዶውስ ከእሱ መልስ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ገመዱ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጭራሽ አድራሻ አይታይም ነበር። እንግዲያው ገመዱ ተሰክቷል፣ ዲኤችሲፒው ግን አልተገኘም። ለምን?

ተለማማጁ እዚህ ላይ ይቆማል። አሠልጣኙ ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ የስዊቹን፣ ገጽ አብረው ይከፍታሉ። ለካ ሴትየዋ ትናንት ጠረጴዛ ቀይረዋል፤ አዲሱ ፖርት፣ ማለትም የገመዱ መሰኪያ፣ ያለው ዲኤችሲፒ በሌለበት ሌላ ቪላን (ከዋናው ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ውስጥ ነው። ፖርቱን ወደ ትክክለኛው ቪላን ያዞሩታል፤ አድራሻው ይመጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፦ ቲኬቱን መጻፍ። ምን ታየ፣ ምን ተሞከረ፣ ምን ፈታው። «ተስተካክሏል» ብሎ የዘጋ ሰው በሳምንቱ ያንኑ ችግር ከዜሮ ይጀምረዋል። በደንብ የጻፈው ግን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሚያወራው ነገር በእጁ ነው።

ሰርተፊኬትም ቦታ አለው። ለጀማሪ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ አለ፤ ሁለት ፈተናዎች ናቸው። ልቡ ወደ ኔትወርክ ያዘነበለ የሲስኮን ሲሲኤንኤ ይወስዳል። ብቻ ፈተናውን የሥራው ምትክ አታድርጉት።

[ስክሪን፦ የውል ወረቀት]

ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ የሚያሠለጥናችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። «ሁላችንም እንረዳችኋለን» የሚል መልስ አይበቃም፤ የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ነገር የማንም አይሆንም። የትምህርቱ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ላይ የሚቀነስ መሆኑም በጽሑፍ ይስፈር። አለዚያ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ከገባችሁ በኋላ ቲኬቶቻችሁን እያያችሁ ሂዱ። ከወራት በኋላም ሥራችሁ ፓስወርድ መቀየር ብቻ ከሆነ ዝም አትበሉ። አሠልጣኛችሁን፣ «ቀጣዩን የሰርቨር ሥራ ስትሠራ አጠገብህ ልቀመጥ» በሉት። ቀኑንም እዚያው አስቆርጡት።