ጢስ ነው ወይስ ውሃ?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ታገሱኝ።

ስለ አንዲት ትንሽ ፏፏቴ ላጫውታችሁ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ባህር ዛፉ መሀል ሸለቆ ውስጥ ናት። ቁመቷ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው። በጋ ላይ ትደርቃለች። ክረምት ሲገባ ግን ገና መንገዱ ላይ ሳላችሁ ድምጿ ይሰማል። ውሃዋ ወርዶ ቀበና ይገባል፣ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ።

እኔ ከሥራ የምወጣው አስራ አንድ ሰዓት ነው። እዚያ ስደርስ መሸት ብሏል። ሸለቆው ደግሞ ድሮም ብርሃን አያገኝም። ስለዚህ የዚያችን ፏፏቴ ፎቶ ሁሌም የማነሳው በድንግዝግዝ ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዬን፣ ትራይፖዴን ተክዬ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ማለትም አይኤስኦውን 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸሩን ኤፍ 11 አድርጌ፣ የብርሃን መዝጊያውን፣ ሹተሩን 15 ሰከንድ ከፍቼ አነሳሁ። ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ ወጣ። ደስ አለኝ። እንጨት ተሸክመው ከላይ የሚወርዱ አንድ እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያርፉ ነበር። ካሜራውን አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩና፣

«ልጄ፣ ጢስ ነው ወይስ ውሃ?» አሉኝ።

«ውሃ ነው እማማ።»

ፏፏቴውን አዩ፤ ተመልሰው ስክሪኑን አዩ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚወርደው?» አሉ። ከዚያ ሸክማቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ቤት ገብቼ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ውሃው መሀል ላይ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ነጩ ተቃጥሏል፤ ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ጠፍቷል። የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኋላ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ብርሃኑን ብታወርዱት ግራጫ ይሆናል እንጂ ውሃው አይመለስም። ካሜራው መጀመሪያውኑ አልያዘውማ!

ጢስ አባይን ጢስ ያሰኘው ከስር የሚነሳው ርጭት ነው። የሚወርደውማ ውሃ ነው። የድሮውን የወረቀት አንድ ብር ታስታውሳላችሁ? ጀርባው ላይ ጢስ አባይ ነበረ። የተሣለው በቀጫጭን መስመር ነው። መስመሩ ስላለ ነው ሲወርድ የሚታየን።

እና ምን አደረግሁ? ሹተሩን ማሳጠር ነበረብኝ። ግን ሲመሽ ሹተር ካሳጠራችሁ ፎቶው ይጨልማል። ስለዚህ ብርሃኑን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። አፐርቸሩን ከኤፍ 11 ወደ ኤፍ 5.6 ስከፍተው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 15 ሰከንዱ ወደ 4 ሰከንድ ወረደ። አይኤስኦውን ከ100 ወደ 800 ሳወጣው ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ሆነ። ያው ብርሃን ነው፤ ውሃው ግን ሌላ ነው። በግማሽ ሰከንድ ውሃው ይለሰልሳል፣ ክሩ ግን አይጠፋም። ውሃው በርትቶ ሲወርድ ሩብ ሰከንድም ይበቃል።

አይኤስኦ 800 ፎቶ ያበላሻል ብላችሁ አትፍሩ። የሚያበላሸው አጨልማችሁ አንስታችሁ በኋላ በግድ ማብራት ነው። ያኔ ጥላው ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

አሁን መጀመሪያ የማየው ነጩን ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥባ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው፣ ቀረብ ስትሉ ሽመናው ይታያል አይደል? ነጭ ነው፣ ግን ክር አለው። ውሃውም እንደዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስለዚህ የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ፣ ሂስቶግራሙ፣ ነጩ ባለበት ቀኝ ጠርዝ ላይ እንዳይጋጭ አድርጌ አነሳለሁ። ጫካው ይጨልም። መሽቶ የለ?

ሌላውን ቶሎ ልበላችሁ። ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ በራው አንሱ። ስትጫኑት ካሜራው እንዳይነቃነቅ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ሌንሱን በየመሀሉ ጥረጉ፣ ርጭቱ ሳታዩት ያርፍበታል። ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ማጣሪያ እርጥብ ድንጋይና ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያነሳል፤ ብርሃኑን ግን ከግማሽ በላይ ይበላል፣ ስለዚህ በጣም ሲመሽ አወልቀዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ድፍርስ ነው፣ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። የሚጠራው መስከረም ሲጋመስ ነው። ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ላይ ከዘነበ ውሃው በድንገት ይሞላል፣ ሲመሽ ጅብም አለ።

ቀለሙስ? ፀሐይ ከገባች በኋላ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይላል። ወጣቱ የባህር ዛፍ ቅጠል ራሱ ሰማያዊ ያደላበት ነው። ብዙ ሰው ሙሉ ለሙሉ ያጠፋዋል። እኔ ትንሽ ወደ ቢጫ አሞቀውና ቀሪውን እተወዋለሁ። እዚያ ቆሜ የበረደኝ ብርድ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

በሁለተኛው ሳምንት በግማሽ ሰከንድ ያነሳሁትን ፎቶ አሳጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ግራ ጥግ ላይ አንዲት ቅጠል ድንጋይ ላይ ተለጥፋለች፤ ውሃው ለሁለት ተከፍሎ ያልፋታል። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ወጥቻለሁ። እኚያን እናት ግን አላገኘኋቸውም። ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ ከጓደኛዬ ጋር እንወጣለን።